አጽመ ርስትና ውል፦ የ«የሎውስቶን» ተከታታይ ድራማ የጉዳይ ጥናት

እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ቫያኮምሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያ «የሎውስቶን» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማውን በኢንተርኔት የማሳየት መብት ለተፎካካሪው ለኤንቢሲዩኒቨርሳል መሸጡ ተነገረ። ገዢው ድራማውን ሊያሳይበት ያቀደው ፒኮክ የተባለው አገልግሎት ያን ጊዜ ገና ለሕዝብ አልተከፈተም። ድራማውም ቢሆን የታየው ሁለት ምዕራፍ ብቻ ነበር፤ ስምምነቱ ግን ወደፊት የሚሠሩትን ምዕራፎችም ያካተተ ነበር። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የአምስተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል 12.1 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን ተመለከተው ተባለ፤ ድራማው በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ሆነ፤ ባለቤቱ ኩባንያ ግን በራሱ የኢንተርኔት አገልግሎት ሊያሳየው አልቻለም። የድራማው ታሪክ ደግሞ መሬቱን ለማንም፣ በምንም ዋጋ አልሸጥም ስላለ ቤተሰብ ነው።

ይህ ጥናት የሚመለከተው ያንን ሽያጭና ያስከተለውን ነው። ጉዳዩን ከድራማው ታሪክ ነጥሎ ማየት ግን አይቻልም፤ በታሪኩ ውስጥ ደተን የተባለው ቤተሰብ የተፈተነበት ጥያቄ ከመጋረጃ ጀርባም ፕሮዲዩሰሮቹን፣ ዋናውን ተዋናይና የኩባንያውን ባለቤቶች ሳይቀር ፈትኗል። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይገለጽ፤ ርስት የሚድነውም ሆነ የሚጠፋው በመሸጡ ወይም ባለመሸጡ ብቻ አይደለም። ወሳኙ ነገር ሻጩ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ማወቁ፣ በውሉ ውስጥም ለራሱ ምን እንዳስቀረ ነው።

ድራማውን የፈጠሩት ቴይለር ሸሪዳንና ጆን ሊንሰን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 2018 ፓራማውንት ኔትወርክ በተባለው የኩባንያው የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ መታየት ጀመረ። ከዚያ በፊት ሐሳቡ ኤችቢኦ ወደተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሄዶ ነበር፤ ኤችቢኦ ግን ሳይሠራው ተወው። ሸሪዳን በቴክሳስ ያደገና ቤተሰቡ በዚያው የነበረውን የከብት እርባታ መሬት ያጣ ሰው ነው። በድራማው ውስጥ መሬትን ስለማጣት የሚነገረው ነገር ሁሉ ቁስሉ እንደተነካ ሰው ቃል የሚጎረብጠው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በኬቪን ኮስትነር የሚተወነው ጆን ደተን በሞንታና ግዛት ከማንም የሚበልጥ የከብት እርባታ ይዞታ ያለው አባወራ ነው። መሬቱን በአንድ ወገን አውሮፕላን ማረፊያ፣ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛና የባለጸጎች መኖሪያ ሊገነቡበት የሚሹ ባለሀብቶች ይፈልጉታል። በሌላ ወገን ብሮክን ሮክ የተባለው (በልብ ወለድ የተፈጠረ) የነባር ሕዝቦች ክልል መሪ ቶማስ ሬይንወተር፣ ምድሩ ከአያቶቻችን የተወሰደ ነውና ይመለስልን ይላል። ልጆቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ርስቱን በየራሳቸው መንገድ ይሸከሙታል። ቤዝ ከአባቷ ቃል ውጪ ሌላ ሕግ የላትም፤ ጠበቃው ጄሚ በቤተሰቡ ውስጥ ባዕድ ሆኖ ያደገ ነው፤ ኬይሲ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ አግብቶ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይኖራል።

ርስቱ እንዴት እንደተመሠረተ የተተረከው ግን በዚህ ድራማ ሳይሆን «1883» በተባለው በኋላ በተሠራው ቀዳሚ ታሪክ ነው። ጄምስ ደተን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ልጁ ኤልሳ በቀስት ቆስላ ልትሞት ትቃረባለች። እሷ የምትቀበርበት ቦታ የቤተሰቡ መኖሪያ እንዲሆን ይወስናል። አንድ የነባር ሕዝቦች ሽማግሌ ሸለቆውን ሲያመለክተው፣ በሰባተኛው ትውልድ ሕዝቤ ተነሥቶ ይህን ምድር መልሶ ይወስዳል ብሎ ይነግረዋል፤ ጄምስም በሰባተኛው ትውልድ ውሰዱት ብሎ ይመልሳል። እኛ አጽመ ርስት የምንለው ቃል ይህን ነገር ከየትኛውም ማብራሪያ በተሻለ ይገልጸዋል። ደተኖች ምድሩን የያዙት ለምለም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የልጃቸው አጥንት ስላረፈበት ነው። ችግሩ ከእነሱ አጥንት በታች የሌሎች ሰዎች አጥንት መኖሩ ነው።

ሰፊ መሬት ያለው ሰው ሀብታም ይባላል እንጂ በእጁ ጥሬ ገንዘብ አለ ማለት አይደለም። ድራማው ከሌሎች የቤተሰብ ድራማዎች የሚለየው ይህን እውነት የታሪኩ አከርካሪ ማድረጉ ነው። ከብት የሚያስገኘው ገቢ በከብቱና በሣሩ የተገደበ ነው፤ የመሬቱ ዋጋ ግን ከብት በማያረቡ ሰዎች ፍላጎት ይወሰናል። አካባቢው በባለጸጎች በተፈለገ ቁጥር አርቢው ምንም ሳይጨምር በወረቀት ላይ ይከብራል፤ ሲሞት ደግሞ ወራሾቹ በዚያው የወረቀት ዋጋ ልክ ግብር ይጠየቃሉ። የሞንታና ግዛት ራሱ የውርስ ግብር የለውም፤ ነገሩ የሚመጣው ከፌዴራል መንግሥቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሞተ ሰው ሀብት ላይ ከ13.61 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያለው ክፍል እስከ 40 በመቶ ግብር ይጣልበት ነበር። የግብር ማስታወቂያው ሰውየው በሞተ በዘጠኝ ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በእርግጥ ሕጉ ለእርሻ ቤተሰቦች በር ከፍቷል፤ መሬቱ ለግንባታ በሚያወጣው ዋጋ ሳይሆን በእርሻነቱ እንዲገመት መጠየቅ ይቻላል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሚቀነሰው ግምት ጣሪያ ስላለው እንደ ደተን ላለ ግዙፍ ይዞታ ብዙም አይፈይድም። ከዚህ የሚሻለው፣ ግብሩን ለጥቂት ዓመታት አዘግይቶ ከዚያም በአሥር ዓመታዊ ክፍያዎች ከነወለዱ መክፈል የሚፈቅደው ድንጋጌ ነው። ድራማው ይህን ሁሉ ዘርዝሮ አላሳየም፤ ፍርሃቱ ግን የተፈጠረ አይደለም።

ቀረጻው የተከናወነበትን ቦታ ማየትም ጉዳዩን ያቀርበዋል። በደቡብ ምዕራብ ሞንታና በቢተርሩት ሸለቆ፣ ዳርቢ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ቺፍ ጆሴፍ ራንች የተባለ እርባታ አለ። በ1910ዎቹ ከግንድ የተሠራው ትልቁ ቤት የደተን ቤተሰብ መኖሪያ ሆኖ የሚታየው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች አብዛኛው ሥራ የተሠራው በዩታ ሲሆን፣ ከአራተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ሥራው ጠቅልሎ ወደ ሞንታና ገባ። በግቢው ውስጥ ያሉት ትንንሽ የግንድ ቤቶች ቀረጻ በሌለበት ጊዜ ለእንግዳ ይከራያሉ፤ ተመልካች በድራማው ውስጥ የሪፕ (የእርባታው ሠራተኞች አለቃ) ቤት ብሎ በሚያውቀው ጣሪያ ሥር ገንዘብ ከፍሎ ያድራል። መግቢያው ላይ የደተን የከብት መተኮሻ ምልክት የሆነው «ዋይ» የተባለው የላቲን ፊደል ተሰቅሏል። በድራማው ይህ ምልክት በከብቱ ቆዳ ብቻ ሳይሆን መሄጃ አጥተው ወደ እርባታው በመጡ ሠራተኞች ደረት ላይም በጋለ ብረት ይታተማል። ሪፕ ታትሞበታል፤ የጆን የገዛ ልጅ ኬይሲም ታትሞበታል። ርስቱ የሰዎቹ ነው ወይስ ሰዎቹ የርስቱ ናቸው የሚለውን ጥያቄ ይህ ትዕይንት ያለ አንድ ቃል ያቀርበዋል።

አሁን ወደ 2020ው ሽያጭ እንመለስ። ውሳኔውን ዛሬ ላይ ቆሞ ማጣጣል ቀላል ነው፤ በጊዜው ግን የራሱ ምክንያት ነበረው። ቫያኮምና ሲቢኤስ እንደገና የተዋሃዱት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ሲሆን ከሽያጩ የሚቀድመው በሳምንታት ብቻ ነው። ቫያኮም ከዚያ በፊት ይከተለው የነበረው ስልት የራሱን ትልቅ የኢንተርኔት አገልግሎት ከመገንባት ይልቅ ሥራዎቹን ለሚፈልግ ሁሉ መሸጥ ነበር። ኔትፍሊክስ፣ ዲስኒና ሌሎቹ እርስ በርስ ሲፎካከሩ እሱ ለሁሉም እያቀረበ ያተርፋል። በኢንዱስትሪው ቋንቋ ይህ ስልት «የጦር መሣሪያ ነጋዴ» ይባል ነበር፤ ነጋዴው አይዋጋም፣ ለተዋጊዎች ይሸጣል። «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የካርቱን ሥራም በ2019 በዚሁ አካሄድ ለኤችቢኦ ማክስ ተሰጥቷል። ፓራማውንት ፕላስ የሚባለው የኩባንያው የኢንተርኔት አገልግሎት ገና አልነበረም፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2021 ነው። ስለዚህ ሻጩ ከእጁ ያወጣው ገና ሊሠራው ላላሰበው ቤት የሚሆነውን ምሰሶ ነበር።

ስሕተቱን መሸጡ ላይ የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። እኔ የማስቀምጠው ውሉ ላይ ነው። ሁለት የታዩ ምዕራፎችን ለተወሰነ ዘመን ማከራየት አንድ ነገር ነው፤ ያልተጻፉትን፣ ዋጋቸው የማይታወቀውን አብሮ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ገበሬ የዘንድሮውን አዝመራ ቢሸጥ መሬቱ ይቀረዋል፤ የመጪዎቹን ዓመታት አዝመራ አብሮ ከሸጠ ግን የመሬቱ ባለቤትነት በስም ብቻ ይሆናል። ፓራማውንት (ቫያኮምሲቢኤስ በኋላ የተጠራበት ስም ነው) ላይ የደረሰው ለዚህ የቀረበ ነው። አዲስ ክፍል በተሠራ ቁጥር ወጪው የፓራማውንት ነው፤ ማስታወቂያውን የሚያስነግረውም እሱ ነው። በኬብል ቴሌቪዥን ታይቶ ካበቃ በኋላ ግን ሥራው ወደ ፒኮክ ይሄዳል። ፓራማውንት ፕላስ ሲከፈት የኩባንያውን ትልቁን ድራማ ፍለጋ የገባ ተመልካች አላገኘውም።

ኩባንያው የዳነው በሽያጩ ውስጥ ባልተካተተው ነገር ነው። የደተን ቤተሰብ ዓለም፣ ማለትም ስሙ፣ ታሪኩና ከእሱ ሌላ ድራማ የመፍጠር መብቱ፣ ከእጁ አልወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ከሸሪዳን ጋር የብዙ ዓመት ስምምነት ፈረመ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን «1883» በፓራማውንት ፕላስ ላይ መታየት ጀመረ። በአሥር ክፍል የተጠናቀቀ፣ የቤተሰቡን አመጣጥ የሚተርክ ሥራ ነው። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ «1923» ተከተለ፤ ሃሪሰን ፎርድና ሄለን ሚረን የተወኑበት ነው። በሌላ አነጋገር ኩባንያው የልጅ ልጁን ስለሸጠ አያቱንና ቅድመ አያቱን ጠርቶ ቤቱን በእነሱ ሞላ። የሚገርመው፣ እኔ ከሁሉ የምወደው «1883» በንግድ ውል ምክንያት የተወለደ መሆኑ ነው። ኤልሳና መቃብሯ፣ የሰባተኛው ትውልድ ቃል፣ የዋናው ድራማ ፍጻሜ የቆመበት መሠረት ሁሉ የመጣው ከዚያ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከራሱ ከአባወራው ነው። ኮስትነር በዚህ ሚና በጥር 2023 የጎልደን ግሎብ ሽልማት አሸንፏል፤ በዚያው ሰሞን ግን ልቡ «ሆራይዘን» ወደተባለው፣ ራሱ ወዳዘጋጀው ባለ ብዙ ክፍል የምዕራብ አሜሪካ ፊልም አድልቶ ነበር። የአምስተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ አጋማሽ በጥር 1 ቀን 2023 ሲያበቃ፣ የቀረው አጋማሽ መቼና በስንት ቀን እንደሚቀረጽ መግባባት አልተቻለም። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ምክንያት ለጋዜጦች ተናግረዋል፤ ማን ትክክል እንደነበረ መፍረድ የዚህ ጥናት ሥራ አይደለም። በግንቦት 2023 ድራማው በአምስተኛው ምዕራፍ እንደሚያበቃ ተገለጸ። ከዚያም የደራሲዎችና የተዋንያን የሥራ ማቆም አድማዎች ተከታትለው ሥራው ሁሉ ቆመ። በሰኔ 2024 ኮስትነር እንደማይመለስ በራሱ አንደበት አረጋገጠ። መጠቀስ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ይህ ተዋናይ ፊልሙን ለመሥራት በሳንታ ባርባራ ባሕር ዳርቻ ያለውን 10 ኤከር (4 ሄክታር ገደማ) መሬቱን በዕዳ መያዣነት አስይዟል። በድራማው መሬቱን ለማንም አልሰጥም ያለው ሰው፣ በእውነተኛ ሕይወቱ ለሚያምንበት ሥራ ሲል መሬቱን ለአደጋ አጋልጧል። እኔ ይህን የማየው በአክብሮት ነው።

ጆን ደተን በኅዳር 2024 በታየው ክፍል መጀመሪያ ላይ ሞቶ ተገኘ። አባወራው በሌለበት ታሪኩ ወደ ልጆቹ ዞረ፤ ጥያቄውም ጠራ። ግብሩ ሊከፈል አይችልም። ፈረሶቹና የእርባታው ዕቃ በጨረታ ይሸጣሉ፤ ገንዘቡ ግን ለትንፋሽ መግዣ እንጂ ለመዳኛ አይበቃም። ታኅሣሥ 15 ቀን 2024 በታየው፣ 11.4 ሚሊዮን ተመልካች ባገኘው የመጨረሻ ክፍል ኬይሲ ለሬይንወተር ይሸጥለታል፤ ዋጋውም ለአንድ ኤከር 1.25 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 የወጣው የአሜሪካ የመሬት ሕግ ሰፋሪዎች የመንግሥት መሬት የሚገዙበትን ዝቅተኛ ዋጋ የወሰነው በዚሁ 1.25 ዶላር ነበር። ከነባር ሕዝቦች የተወሰደው ምድር ለነጭ ሰፋሪዎች በተሰጠበት ዋጋ ወደ ነባር ሕዝቦች ተመለሰ ማለት ነው።

በውሉ ውስጥ ኬይሲ ለራሱ የሚያስቀረው ትንሽ ነው፤ ምሥራቁ ሰፈር የሚባለው የእርባታው ጥግ ለሚስቱና ለልጁ መኖሪያ ይቀርለታል። ትልቁ ግዴታ ግን ምድሩ ዳግመኛ እንዳይሸጥና እንዳይገነባበት ነው። አባቱ በሽጉጥና በፖለቲካ ሊያስጠብቅ የሞከረውን ልጁ በአንድ የውል ቃል አስጠበቀው። በሕግ ዓይን ይህ መፍትሔ ቀዳዳ አለው፤ የውርስ ግብር የሚሰላው ሰውየው በሞተበት ጊዜ መሬቱ በገበያ በሚያወጣው ዋጋ እንጂ ወራሹ በሸጠበት ዋጋ ስላልሆነ፣ በ1.25 ዶላር መሸጥ ግብሩን አያስቀርም። እውነተኛ ወራሽ ይህን ቢያደርግ ዕዳው በራሱ ላይ ይቀራል። ድራማው ይህን ማለፉ ጉድለት ነው፤ የውሉን ሐሳብ ግን አያፈርሰውም።

ከዚያ ክፍል ከአእምሮዬ የማይጠፋው ትዕይንት ከፊርማው በኋላ ያለው ነው። የብሮክን ሮክ ወጣቶች የእርባታውን ሕንፃዎች ሲያፈርሱ፣ ጥቂቶቹ ወደ ደተኖች መቃብር ሄደው የመቃብር ድንጋዮቹን መገፍተር ይጀምራሉ። የሬይንወተር ረዳት የሆነው ሞ ይደርስና ያስቆማቸዋል፤ የወደቀውንም መልሰው እንዲያቆሙ ያደርጋል። የአንዱ ወገን አጽም በሌላው ወገን ርስት ላይ ተከብሮ ይቀራል። አምስት ምዕራፍ ሙሉ ደም ሲፈስበት የነበረው ጥያቄ በአንድ ድንጋይ መነሣት ሲመለስ ማየት ለእኔ ከተኩሱ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ከመጋረጃ ጀርባም ርስቶች እጅ ሲቀይሩ ቆይተዋል። በድራማው ውስጥ ጂሚ የተባለው ሠራተኛ ሙያ እንዲማር የሚላክበት የቴክሳሱ ፎር ሲክስስ እውነተኛ እርባታ ነው። ሳሙኤል በርክ በርኔት እ.ኤ.አ. በ1870 የመሠረተው ሲሆን፣ እስከ የልጅ ልጁ ልጅ እስከ አን ማሪየን ድረስ በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆየ። እሳቸው በየካቲት 2020 ሲያርፉ፣ እርባታው እንዲሸጥ በኑዛዜያቸው አዝዘው ነበር። ወደ 266,000 ኤከር የሚጠጋውን ይህን መሬት የገዛው ሸሪዳን ራሱ የሚገኝበት የባለሀብቶች ስብስብ ነው። የቤተሰቡን መሬት ያጣ ልጅ ስለማይሸጥ መሬት ድራማ ጻፈ፤ ድራማው ያስገኘለት ስምና ገንዘብ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ 150 ዓመት ያቆየውን መሬት ገዢ አደረገው።

ድራማውን የያዘው ኩባንያም የአንድ ቤተሰብ ርስት ነበር። የሬድስቶን ቤተሰብ በ1936 በማሳቹሴትስ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ሆነው ፊልም የሚያዩባቸውን ሲኒማ ቤቶች በማስተዳደር ጀመረ። ሳምነር ሬድስቶን በ1987 ቫያኮምን፣ በ1994 ፓራማውንት የተባለውን የፊልም ኩባንያ ገዙ፤ እስከ ሽምግልናቸው ድረስም ሥልጣናቸውን ለማንም ማስረከብ አልፈለጉም። በነሐሴ 2020 በ97 ዓመታቸው ሲሞቱ ኃላፊነቱ የልጃቸው የሻሪ ሆነ። ሻሪ የኬብል ቴሌቪዥን ገቢ ሲቀንስ፣ ዕዳው ሲከብድ፣ የኢንተርኔቱ አገልግሎት ገንዘብ ሲበላ ከአባታቸው የወረሱትን ለማዳን ታግለው፣ በመጨረሻ ስካይዳንስ ለተባለው የዴቪድ ኤሊሰን የፊልም ኩባንያ ሸጡ፤ ውሉ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 2025 ተፈጸመ።

ኤሊሰን ኩባንያውን ከተረከቡ ከሦስት ወር በታች ባለ ጊዜ ውስጥ፣ በጥቅምት 2025፣ ሸሪዳን ወደ ኤንቢሲዩኒቨርሳል ሊሄድ መስማማቱ ታወቀ፤ የቴሌቪዥን ሥራው የሚሻገረው ከፓራማውንት ጋር ያለው ውል በ2028 ካበቃ በኋላ ነው። በ2020 ድራማው ብቻ የሄደበትን መንገድ ደራሲውም ሊከተለው ነው። ፓራማውንት ዛሬም የደተኖችን ስምና ከእነሱ የሚወለዱትን ታሪኮች እንደያዘ ነው፤ ኬይሲን ማዕከል ያደረገ ሥራ ለሲቢኤስ፣ ቤዝንና ሪፕን የሚከተል ሌላ ሥራ ለፓራማውንት ፕላስ መድቧል። ሸሪዳን ከሄደ በኋላ ታሪኮቹን ማን እንደሚጽፋቸው ግን በየትኛውም የድሮ ውል ውስጥ ሊካተት የሚችል ነገር አልነበረም።